ከመካከለኛው በላይ የሆነ ቤት በምን ይታወቃል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በሚገኝ አንድ ዕድር ለ19 ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ዕድራችን በቅርቡ ለአዳራሽ ማሠሪያ መዋጮ ሲወስን አባላቱን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ በሦስት ደረጃ መመደቡ ነው። ድልድሉን የሠሩት የኮሚቴ አባላት ቅን ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ያዩት የግቢውን በር፣ በግቢው ውስጥ የቆመውን መኪናና የሳሎኑን ወለል ነበር። ስም ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ከፍተኛ በተባለው ዓምድ ሥር ካሰፈርኳቸው ቤቶች ቢያንስ አራቱ የሚቀጥለውን የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት እንደሚያመጡ የማያውቁ መሆናቸውን፣ መካከለኛ ከተባሉትም መካከል አዳራሹን ብቻቸውን ቢያሠሩ የማይጎድልባቸው መኖራቸውን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ይህም እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አንድ ቤተሰብ ከመካከለኛው ኑሮ አልፎ መውጣቱን እናውቅባቸው የነበሩ ምልክቶች ቶሎ ያረጃሉ። እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት ጊዜ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የውሃ ሮቶ፣ ትልቅ ፍሪጅና የሴራሚክ ወለል ያለው ቤት በሰፈራችን በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ሮቶ ውሃ ለሚጠፋበት ቤት የግድ የሆነ ዕቃ ነው። ሴራሚኩ በዕቁብ የተገዛ፣ መኪናው ገና ዕዳው ያላለቀ፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ደግሞ ዱባይ ወይም ቤሩት በሰው ቤት ከምትሠራ ልጅ ላብ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅቱ በተመለሰች ቀን ገንዘቡ ይቆማል፤ ሶፋው ግን እዚያው ስለሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ቤቱን ባለጸጋ ብሎ ይወጣል።

መንግሥትና ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው መስፈሪያዎችም ለእኛ ጉዳይ ብዙ አይረዱም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጣለው ከ14,000 ብር በላይ በሆነው የወር ደመወዝ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መነሻው 10,900 ብር ነበር። በሕጉ ዓይን የመጨረሻው እርከን ላይ የደረሰን ደመወዝተኛ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎና ሦስት ልጆች አስተምሮ በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚተርፈው የሚያውቅ ጎረቤቱ ከመካከለኛው በላይ ነው ሊለው አይችልም። የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በመግዛት አቅም ተስተካክሎ በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣን ሰው በመካከለኛው መደብ ውስጥ ቆጥሮት ነበር። ሆኖም ከተቆጠሩት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከ2 እስከ 4 ዶላር ባለው ጠርዝ ላይ የቆሙና ድንገተኛ ችግር ቢገጥማቸው ወደ ድህነት የሚመለሱ መሆናቸውን ራሱ ጥናቱ ገልጿል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው ይህንኑ የመመለስ ነገር ነው። ከመካከለኛው በላይ ወጥቷል የምለው ቤት፣ አንድ ክፉ ዓመት ወደ ነበረበት የማይመልሰውን ቤት ነው።

በእኛ አካባቢ ክፉ ዓመት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቡና በኩል ነው። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በተከታዩ ዓመት ያርፋል። ከተማ የሚኖረውም ሰው ቢሆን ወይ በዙሪያችን ባሉት ወረዳዎች፣ በማና፣ በጎማ ወይም በሰቃ ጨቆርሳ የአባቱ የቡና መሬት አለው፣ ወይ ደግሞ ከሱቁ የሚገዛው ደንበኛ ባለቡና ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር አልፎ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ የተጠቀመውን ቤት ካልተጠቀመው የለየው የምርቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። እሸቱን በጥቅምትና በኅዳር ከዛፉ እንዳወረደ የሸጠ ሰው የዚያን ጊዜውን ዋጋ ተቀብሎ ነገሩ አበቃ። በሐምሌና በነሐሴ እህል አልቆበት፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ ከነጋዴ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ደግሞ ምርቱን ለዕዳው አስረከበ። እሸቱን በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ፣ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በጆንያ ሞልቶ ጎተራ ያስገባውና የካቲት እስኪደርስ መጠበቅ የቻለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ጀንፈል ማቆየት የብልሃት ጉዳይ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ቡናውን ማቆየት የማይፈልግ ባለቡና አላጋጠመኝም፤ የሚለያዩት በእነዚያ ወራት ለዘይቱ፣ ለደብተሩና ለሐኪሙ ከሌላ ቦታ የሚያወጡት ገንዘብ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። የቤት ኪራይ ይሁን የባንክ አክሲዮን ወይም የሱቅ ትርፍ፣ ቡናውን ሳይነኩ የሚያሳድር ሌላ ገቢ መኖር አለበት። አንድ ኩንታል ጀንፈል ተፈልፍሎ ግማሽ ኩንታል ያህል ቡና እንደሚወጣው እዚህ ልጆችም ስለሚያውቁ፣ በጎተራው ሃምሳ ኩንታል ይዞ የሚጠብቅን ሰው ሀብት ለማስላት የባንክ ደብተሩን ማየት አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ቤት ግድግዳው ብዙ ጊዜ የጭቃ ነው፣ በሩም የእንጨት። ኮሚቴያችን መካከለኛ ብሎ የመዘገበው እንዲህ ያለውን ቤት ነው።

ዕቁብም ብዙ ይናገራል። የቸገረው ሰው ዕጣው ቶሎ እንዲወጣለት ይመኛል፤ ካልወጣለትም ለደረሰው ሰው ጨምሮ ከፍሎ ዕጣውን ይገዛል። የመካከለኛው ቤት ገንዘብ ገና ሳይደርሰው የሚሄድበት ቦታ ተወስኖ ያለቀ ነው። ከዚያ ያለፈው ሰው ግን የመጀመሪያው ዕጣ ቢደርሰው ለጎረቤቱ ይለቃል፤ ዕቁብ የሚጥለው ከሰው ላለመለየት ነውና።

የሁሉም መፈተኛ ግን ሕመም ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐኪሙ ሪፈር ሲጽፍ ግን ከመንገዱ ወጪ ይልቅ የሚከብደው የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ ከውጭ ግዙ የሚባለው መድኃኒትና እዚህ ተዘግቶ የሚከርመው ሱቅ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ከፍተኛ ከተባሉት ቤቶች ከአንዱ ልጅ በምሽት መጥታ አባቷ አዲስ አበባ ከገቡ ሦስተኛ ሳምንታቸው መሆኑን ነገረችኝና፣ «ጋሼ፣ ዕድሩ ለሕመም ያበድራል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ እማዬ መምጣቴን አታውቅም» አለችኝ። ያ ቤት ፎቅ ነው። ደንባችን ለሞት እንጂ ለሕመም ስለማይከፍል ከዕድሩ ምንም ልሰጣት አልቻልኩም፤ ይህንንም እዚህ የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። በዚያው ወር፣ በማዶ ካለው የጭቃ ቤት አንዲት እናት ሦስት ወር አዲስ አበባ ታክመው ተመለሱ። «እንኳን እግዜር ማረዎት» ልንል የሄድን ጎረቤቶች መታመማቸውን ራሱ የሰማነው ያን ዕለት ነበር።

ገቢን ብቻ ጠይቆ መመደብም ቢሆን በርን አይቶ ከመመደብ ብዙ አይሻልም። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ብቻ አይደለም፤ የሟች ወንድሙን ልጆች የሚያስተምር፣ ገጠር ላሉ አማቾቹም በየወሩ የሚልክ ሰው ገቢው ከጎረቤቱ እጥፍ ሆኖ ኑሮው ከእርሱ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ሰውን ሀብትህን በጉባኤ ፊት ተናገር ማለት ነውር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አባል ደረጃውን ራሱ መርጦ በታሸገ ፖስታ ለገንዘብ ያዡ ይስጥ። ለመምረጥም አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ የቤቱ ዋና ሠራተኛ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ቢውል፣ ምንም ሳይሸጥና ከማንም ሳይበደር ልጆቹ በዚያው ትምህርት ቤት ይቀጥላሉ ወይ? የሚቀጥሉለት ከፍተኛውን መዋጮ ይክፈል፤ የማይቀጥሉለት ግን ቤቱ ፎቅ ቢሆንም ከፍተኛ አይባል። ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይመርጣል የሚል ስጋት ከኮሚቴው ተነሥቷል፣ ስጋቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን በ19 ዓመት ውስጥ ለጎረቤቱ አስከሬን የሚያወጣ ሰው ለአዳራሽ ሲሰስት ብዙ አላየሁም። ተመሳሳይ ድልድል የሠሩ የሌሎች ከተሞች ዕድሮች ካሉ፣ እንዴት እንደወሰኑ በዚህ ገጽ ቢጽፉልን ለእኛ ትልቅ እገዛ ይሆናል። ጠቅላላ ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳይለጠፍ በእኔ እጅ ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዕድር ጸሐፊ
ከጅማ