ማሲንቆህን ይዘህ ና

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከረምክ? ጠፋሁብህ፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አንተም ብትሆን ግን አትታማም አልልህም፤ ለበዓል እንኳን አንዲት «እንኳን አደረሰህ» ይከብዳል? በል ወቀሳውን ስትመጣ እንጨርሰዋለን። ስትመጣ ያልኩት ደግሞ ሳላስበው አይደለም። እናቴ ደህና ናት፣ ሁልጊዜ ታነሳሃለች። ሌላውን በስልክ።

ጊታሪስቱን ጆን ማክላፍሊንን አልረሳኸውም አይደል? ፈረንጅ አራዳ በዚያ አሮጌ ቴፕ ስንሰማው «ይሄን ሰውዬ ማነው የሚያሯሩጠው?» ያልከውን። ያኔ የሰማነው ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቋቋመውን፣ ጃዝና ሮክ የተደባለቀበትን፣ ቢሊ ኮብሃም ድራሙን የሚያንቀጠቅጥበትን። ሰሞኑን እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ባንዱ፣ ሻክቲ ነው። ሰውዬው ያን ሁሉ ነጎድጓድ ትቶ፣ አኩስቲክ ጊታር ይዞ፣ እግሩን አጣጥፎ ከሕንዶቹ ጋር ቁጭ አለ። ኤል. ሻንካር ቫዮሊን፣ ዛኪር ሁሴን ታብላ የሚባለውን የሕንድ ከበሮ፣ ቪናያክራም ጋታም። ጋታም ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሸክላ ገንቦ! በጣትና በመዳፍ የሚመታ ገንቦ።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1975 ኒውዮርክ ግዛት፣ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሰው ፊት እየተጫወቱ የተቀዳ ነው። በ1976 ወጣ። ሦስት ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፤ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጊታሩ አንድ ሐረግ ሲጥል ቫዮሊኑ ያነሳዋል፣ ይመልስለታል፣ ያኛው ደግሞ ጨምሮበት ይሰጠዋል፣ ማን እንደጀመረው እስኪጠፋህ ድረስ። ከነሱ ጋር እኩል ለመናገር ብሎ ጊታሩን ራሱን እንዳሠራው ታውቃለህ? በፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ መሃል ያለው እንጨት ተፍቆ ጎድጉዷል፣ ጣቱ ክሩን ጎትቶ ድምፁን እንዲያጥፈው። ከስድስቱ ክር ሌላ ሰባት ክሮች አሉት፣ ሌላው ሲመታ አብረው የሚያስተጋቡ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከሰፈር ልጆች ጋር ማታ ማታ እየተለማመድን ነው። ክራር አለ፣ ከበሮ አለ፣ ገንቦ የምትመታ ልጅ አለችን፣ ጣቷን ብታይ! እኔ ጊታር። ባቲ ቅኝት ላይ ገብተን እየተቀባበልን ቆይተን እዚሁ አካባቢ የሚዘፈን የኦሮሞ ዜማ ውስጥ እንወጣለን። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ግን ፍርሃት አለኝ። እዚህ አገር ባህሉና ዘመናዊው ተቀላቀለ ሲባል ብዙ ጊዜ ማሲንቆው መግቢያው ላይ ትንሽ ይነካና ኪቦርዱ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ማሲንቆው የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። ሞንታርቦ ስንከፍት የኔም ጊታር ክራሩን ሲውጠው እሰማለሁ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን አውጥቼዋለሁ፣ ሁላችንም በባዶ ድምፅ ነው የምንጫወተው። ሙላቱ አስታጥቄ በተወለደባት ከተማ፣ ጅማ፣ መቀላቀል ብርቅ አይደለም። ጭንቁ ማንም ማንንም ሳይውጥ መቀላቀሉ ነው።

እና የጎደለን አንተ ነህ።

እንዴት እንደምለው አላውቅም... ማሲንቆውን ሰቅሎታል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ምክንያት ይኖርሃል፣ አልጠይቅህም። ካልፈለግህም አልጨቀጭቅህም። አይ፣ እጨቀጭቅሃለሁ። ሻክቲዎች ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው በ2023 አዲስ የስቱዲዮ አልበም አወጡ፣ በ2024 መጀመሪያ ግራሚ ወሰዱበት፣ ዛኪር ሁሴን ዓመቱ ሳያልቅ በዲሴምበር አረፈ። ይሄን ያነበብኩ ቀን አንተ ነህ ፊቴ የመጣኸው፤ ክፉ አያሰማኝ። አንተና እኔ ያን ሁሉ ዘመን አብረን ተጫውተን አንድ የተቀዳ ነገር የለንም።

ክረምቱ ሳይገባ መቅዳት አለብን። የምንለማመድበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ከጀመረ የገንቦዋ ልጅ ጣት አይሰማም። ማረፊያህ እኛ ቤት ነው፣ ቡናው እንደምታውቀው ነው። የማሲንቆህ ጭራ አልቆ ከሆነም አታስብ፣ ጅማ ፈረስ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ መቼ እንደምትነሳ ጻፍልኝ፣ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ።