ለካባው መጀመሪያ ሰርዶ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ቢሾፍቱ ዳር ለዓመታት ቀይ አሸዋ ሲወጣበት ካባ ሆኖ የኖረ ኮረብታ አለ። አሸዋውን ሠራተኛው ሬዳሽ ይለዋል። ግማሹ አልቋል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተገመጠ ዳቦ ይመስላል። ባለፈው ሐምሌ ከችግኝ ጣቢያችን ግራቪሊያና ባህር ዛፍ በአይሱዙ ጭነን ወሰድን። ሰው ተሰበሰበ፣ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተሄደ። ኅዳር ላይ ብቻዬን ሄጄ አንዱን ሳብ ባደርገው እንደ ካሮት ተነቅሎ መጣ። ፕላስቲኩ እንኳ አልወለቀለትም። ሥሩ እዚያው ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ደርቋል።

በሰው ላይ ላሳብብ አይደለም፤ ችግኙን ያፈላሁት እኔው ነኝ። በ19 ዓመት ሥራዬ ግን «ለዚህ መሬት ምን ይሻላል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጥያቄው ሁሌ «ስንት አለሽ?» ነው።

ሬዳሽ ወንፊት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት ቆይቶ መስቀል ሳያልፍ ይደርቃል። የላዩ ለም አፈር ደግሞ ቁፋሮው ሲጀመር ተገፍቶ ገደል ሥር ተቀብሯል። እዚያ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል ችግኝ ምን ይሁን?

የዚያን ቀን ወደ አሮጌው ቁፋሮ ዞር አልኩ። ከተተወ ብዙ ክረምት ያለፈው ጎን ነው። ማንም ሳይተክለው ክትክታ ወጥቶበታል። ቅጠሉ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ፍየል ዞር ብላ የማታየው ክትክታ። ከሥሩ ሰርዶ ተዘርግቶ አሸዋውን እንደ መረብ ይዞታል። አንድ ድንጋይ ተጠግቶ ደግሞ የግራር ቡቃያ አየሁ። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ ነበር፤ እሱ ግን በቅሏል። ገበሬ ማሳው ውስጥ ሲያየው የሚረግመው ያ ግትርነቱ እዚህ ይፈለጋል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ገደሉ ተንዶ ዘመም ይበል፣ የተቀበረው አፈር ይመለስ እላለሁ። ከዚያ ሰርዶውን ከነሥሩ በስንዝር በስንዝር ቆርጦ ተዳፋቱን አቋርጦ በሚሄድ ቦይ መቅበር። ሮደስ ሳርም ይሆናል፤ ዘሩ ላባ ስለሆነ ነፋስ እንዳይወስደው ከደቃቅ ፍግ ጋር አሽቶ ሰኔ ላይ መበተን ነው። የግራር ዘር የፈላ ውኃ ፈስሶበት ካላደረ ቶሎ አይበቅልም። ሰስባንያ የሚባለውን ዛፍ መሬት ያለማል ብለው ሁሉም ያመጡታል። እውነት ነው፣ ግን ውኃ ይወዳል፤ ጎርፍ የሚተኛበት የጉድጓዱ ወለል ላይ ይሁን። ባህር ዛፍን አልጠላም፣ ቤቴ የቆመው በሱ ነው። ከሥሩ ግን ሳር እንደልብ አይወጣም፤ ተዳፋቱ ራቁቱን ይቀራል።

ኬንያ ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ያወጣበትን ባዶ መሬት ሬኔ ሃለር የሚባል ባለሙያ በፈረንጆቹ 1971 ማልማት ጀመረ። 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ። የጸደቁት 3 ብቻ ናቸው፤ አንዱ እኛ ሸውሸዌ የምንለው ነው። የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ ሲል ደግሞ የሚበላው ሺህ እግር ተለቀቀበት፤ እያደር አፈር ሆነ። ሸውሸዌ አምጡ ማለቴ አይደለም። የባህር ዳርቻ ድንጋይና የኛ ሬዳሽ ለየቅል ናቸው። እኔ የወደድኩት 26 ሞክሮ ሦስቱን መያዙን ነው።

ሳይሞክሩ ማምጣት ምን እንደሚያመጣ አፋርን ማየት ይበቃል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በረሃውን ያለማል ተብሎ ገባ፤ ዛሬ የከብቱን ግጦሽ ውጦታል።

የተከላ ውል ለሚጽፉ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። የተተከለውን አትቁጠሩ። ሁለት ክረምት ቆይታችሁ ኑና ምን ያህሉ መሬት እንደተሸፈነ እዩ። ክፍያውም ያኔ ይለቀቅ። ከብት እንዳይገባ የሚጠብቅ ሰው ደሞዝም ውሉ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ሳሩን ለጎረቤት በሬ ነው የምንዘራው።

እኔ ዘንድሮ በትርፍ ሰዓቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የክትክታ ዘር ለቅሜ መጋዘን አስቀምጫለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም። የሚፈልግ ከሰኔ በፊት ይምጣ።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከቢሾፍቱ