ጉበት እያለ የምን «ማጠቢያ» ሻይ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ጎረቤቴ «መርዝ ያወጣል» ተብላ የገዛችውን ሻይ ጠጥታ ሁለት ቀን ሙሉ ከሽንት ቤት አልወጣችም። ቀለለኝ ትላለች። የወጣው ግን ውሃና ጨው ነው፣ ተቅማጥ ነዋ! ደማችንን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ ያውም በነፃ።

እናቶቻችንስ ኮሶ ይጠጡ አልነበር? በሉኛ። ልክ ነው፣ ግን ኮሶ የሚጠጣው ለኮሶ ትል ነው። መጠኑ ካለፈ ደግሞ ዓይን እስከመጉዳት ይደርሳል።

እኔን የሚገርመኝ፣ ይህችው ጎረቤቴ ትኩስ ሽሮ በፌስታል አስቋጥራ ትመጣለች፣ ብርድ ሲሆን ከሰል አቀጣጥላ በር ትዘጋለች፣ ሻጋታ የነካውን በርበሬ ደግሞ «ፀሐይ ላይ ይስተካከላል» ብላ አስጥታ ታስፈጫለች። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ወጥ ስለበሰለ ብቻ አይጠፋም፣ የሚያጠቃውም ያንኑ ምስኪን ጉበት ነው። ኦቾሎኒም ላይ ይገኛል። የሻገተ ወይም የጨረመተ ፍሬ ካያችሁ ጣሉት።

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሻዩ ከምትጽፉ ስለ በርበሬ አደራረቅና አቀማመጥ ብትጽፉልን ይሻላል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ