የሰማዩ ሙቀት ልዩነት እንዴት ተለካ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አራት ኪሎ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ከዩኒቨርስ መጀመሪያ ስለተረፈው ጨረር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ደስ ይላል፤ ግን «ሳተላይት ለካው» ብላችሁ ዋናውን ጉዳይ ዘለላችሁት። እንዴት አድርጎ?

ጨረሩ በአማካይ 2.725 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር ዲግሪ) ነው። ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ግን ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ! የመቀበያው የራሱ ጫጫታ ይህን ይውጠዋል፤ ማጉያ ሲሞቅ ባሕርዩ እንደሚለዋወጥ ካውያ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በ1989 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ሳተላይት ኮቤ ለዚህ የያዘችው መሣሪያ የአንዱን ቦታ ሙቀት ለብቻው አልለካም። በ60 ዲግሪ የተራራቁ ሁለት ቀንድ መሰል አንቴናዎች ይዞ፣ መቀበያውን በፍጥነት ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀያየረ ልዩነቱን ብቻ መዘገበ። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ማለት ነው፤ የመሣሪያው መዋዠቅ ለሁለቱም ወገን ስለሚደርስ ይጠፋል።

በዚህም አላበቃም። እኛ ራሳችን በሴኮንድ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምንጓዝ የሰማዩ አንድ ወገን በ3 ሚሊኬልቪን (የኬልቪን ሺኛ) ያህል ሞቆ ይታያል፤ እሱ ይቀነሳል። የራሳችን ጋላክሲ ጨረርም አለ፤ እሱ እንደ ሞገዱ ድግግሞሽ ስለሚለያይ፣ ለመለየት በሦስት ድግግሞሾች፣ በ31.5፣ በ53 እና በ90 ጊጋኸርዝ ለኩ። ውጤቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ተነገረ፤ ጆን ማዘርና ጆርጅ ስሙት በኮቤ ሥራቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። ለእኔ ሽልማቱ የሚገባው ለዚያች መቀያየሪያ ነበር።

ከኮቤ በኋላ ያንኑ ጨረር ስለለካችው ሳተላይት ስለ ፕላንክ ስትጽፉ እባካችሁ የመሣሪያውን ንድፍ አትሙልን። ከካምፓስ የሚመጡት ልጆች እየጠየቁኝ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ