ቀለሙ ጠፋ ማለት ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ ከተሰጠ ወዲህ ሞፍ የሚባሉት ባለ ቀዳዳ ቁሶች በየሚዲያው ይነሳሉ። ደስ ይላል። ወሬው የሚበዛው ግን ከበረሃ አየር ውሃ ስለመሰብሰባቸው ነው። እኔን የኬሚስትሪ መምህሩን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ሌላው ተስፋቸው ነው፦ የፋብሪካ ፍሳሽን በፀሐይ ብርሃን ማጽዳት።

ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ውሃን እንደሚሰነጥቅ አሳዩ። በካይን በብርሃን የማፍረስ ሐሳብም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ችግሩ፣ ይህ ቁስ የሚፈልገው አልትራቫዮሌት ነው። ምድር ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል ደግሞ አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዓይን የሚታየው ብርሃን ከ40 በመቶ በላይ ይይዛል። ሞፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የብረታ ብረት አተሞች በኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት መዋቅር ስለሆነ ማያያዣውን መቀየር ይቻላል። በአንደኛው የቲታኒየም ሞፍ ማያያዣ ላይ አሚኖ የተባለ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ቡድን ሲጨመር ነጩ ዱቄት ቢጫ ይሆናል። የሚታይ ብርሃን መምጠጥ ጀመረ ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ ፍተሻው ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ ቀለሙ ሲጠፋ «ጸዳ» ይላሉ። ሜቲሊን ብሉ ግን ራሱ የሚታይ ብርሃን ይመጥጣል። ካታሊስቱ፣ ማለትም ለውጡን ያፋጥናል የተባለው ቁስ፣ ምንም ብርሃን ሳይመጥጥ፣ ቀለሙ ኤሌክትሮን እያቀበለው ራሱ ሊፈርስ ይችላል። ቀለሙ ራሱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ደግሞ ሳይፈርስ ቀለም አልባ ወደሆነ መልክ ይቀየራል። ከዚያም በላይ፣ ቁሱ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ቀለሙን ውጦ ቢያስቀረውስ? ይህን ለመለየት መጀመሪያ በጨለማ መሞከር የግድ ነው። እንደ ፌኖል ባለ ቀለም በሌለው በካይም ይሞከር። በካዩ በእርግጥ መጥፋቱን ለማወቅ ውሃው ውስጥ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦንም ይለካ።

የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ደግሞ የላብራቶሪ ብርጭቆ አይደለም። ጨው አለው፣ ሳሙና አለው፣ ጥቁርቁር ስለሚል ብርሃን ወደ ውስጥ አያስገባም። አቃቂ ወንዝን ያየ ሰው ይገባዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መስክ ለሚደክሙ ተማሪዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ስለዚህም ነው ሙከራቸውን በእውነተኛ ፍሳሽ እንዲያደርጉ የምለምነው።

ጋዜጣችሁም «በፀሐይ ውሃ የሚያጸዳ ቁስ ተገኘ» የሚል ዜና ሲደርሰው ይጠይቅልን። መብራቱ ምን ዓይነት ነበር? አልትራቫዮሌቱ በማጣሪያ ተከልክሏል? ቁሱ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ሠራ? ብዙ ሞፎች ውሃ ውስጥ ስለሚፈርሱ፣ ከራሱ ከቁሱ ወደ ውሃው የገባው ብረታ ብረትስ ተለክቷል?

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪ መምህር፣ አዲስ አበባ