ከቶፒካው ብራውን በፊት ክላረንደን ነበር

ለአዘጋጁ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች መለያየትን ስለሻረበት የብራውን ውሳኔ ያወጣችሁት ጽሑፍ የካንሳሷን ቶፒካ ብቻ አንስቷል። በዚያ ውሳኔ ከተጠቃለሉት ክሶች አንዱ የደቡብ ካሮላይናው «ብሪግስ» ሲሆን፣ ወላጆቹን ያሰባሰበው መምህርና ፓስተር ጆሴፍ ዴሌይን ነው።

ይህን መዝለል ክሱ እንዴት እንደተገነባ ይሰውራል። የብሪግስ ክስ የተነሳበት የደቡብ ካሮላይናው ክላረንደን ካውንቲ ለነጭ ተማሪዎች 30 አውቶቡሶች ሲያሰማራ ለጥቁሮቹ አንድም አልነበረውም። ገበሬው ሌቪ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1947 አውቶቡስ ጠይቆ በኋላም ቢከስም፣ መሬቱ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ወሰን ላይ በመዋሉና ግብሩ በሌላ ዲስትሪክት በመከፈሉ ክሱ ሳይሰማ ተዘጋ። አንድ ከሳሽ በግብር ደረሰኝ ይጣላል፤ ሃያ ከሳሽ ግን በቀላሉ አይጣልም። የከሳሾቹ ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል ቢያንስ 20 ከሳሾች የጠየቀው፣ ዴሌይንም በ1949 ከመቶ በላይ ፊርማ ያሰባሰበው ለዚህ ነው። ጥያቄው መጀመሪያ እኩል አቅርቦት ነበር፤ መለያየቱን ራሱን ወደመቃወም የዞረው በኋላ፣ በፌዴራሉ ዳኛ ዌሪንግ ግፊት ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም፦ ዴሌይን ከሥራ ተባረረ፣ ቤቱ በ1951፣ ቤተ ክርስቲያኑ በ1955 ተቃጠሉ። ከሳሹ ሃሪ ብሪግስም ሥራውን አጥቷል።

ልጆቻቸውን አሜሪካ የሚያስተምሩ አንባቢዎቻችሁ ብዙ ናቸውና፣ የውሳኔው መታሰቢያ በሚውልበት በመጪው ግንቦት በብራውን ስም የሚታወቁትን የአምስቱን ክሶች ቦታ፣ ከሳሽና መነሻ ጥያቄ በአንድ ሰንጠረዥ አትሙ፤ የፒርሰንን የተዘጋ ክስም፣ ከአምስቱ ባይሆንም፣ እንደ መነሻ በመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጡ።