የተቆረጠውን ጎን ወደ ኋላ አድርገሽ ተቀመጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው። የቱሉ ዲምቱ ነፋስም እንደምታውቂው ነው፣ ልብስ አስጥቶ ዞር ማለት አይቻልም።

የምጽፍልሽም ከዚያው ከልብሱ ተነስቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ላሰጣ ወረድኩ። ከብሎኩ ጀርባ ያለውን የማስጫ ብረት ታውቂዋለሽ፣ ዳር እስከ ዳር ዝጓል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ዝገቱ ለቆ ብረቱ ያብረቀርቃል። በትከሻ ስፋት ያህል ይራራቃሉ። እጄን ሰቅዬ አስገጠምኩት፤ ልክ የመዳፍ ቦታ ነው። ከስሩ አንድ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ አለ። የሁለተኛ ፎቋ ነርስ መጥታ ቆማ ስትስቅ፣ “አልነገረችሽም እንዴ? ክረምቱን ሙሉ ስትንጠለጠል ነበር እኮ፣ ቁመት ይጨምራል ብላ” አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ማታ ማታ “ልብስ ላነሳ” እያልሽ መውረድሽ። ወደ ትምህርትሽ ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ ምሳ ላይ በአንድ ጎን መቀመጥሽ። ከሶፋው ስትነሺ ፊትሽ ጭፍግግ ማለቱ። ስጠይቅሽ “ወገቤን ትንሽ ያዘኝ” ነበር መልስሽ። አሁንም በስልክ “ደህና ነኝ እማ” ብለሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። ደብዳቤን ግን እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

ልጄ፣ ያንን አቀማመጥሽን አውቀዋለሁ። ነግሬሽ አላውቅም እንጂ አንቺን ስወልድ የጭራ አጥንቴ ተጎድቶ ነበር። ምጡ ረጅም ነበር። በወሊድ ጊዜ አጥንቷ ከቦታዋ ልትገፋ ትችላለች፣ ሌሎችም ሴቶች ላይ ይደርሳል። አንቺን በደለኛ አድርጌ አይደለም የምነግርሽ፤ ክንዴ ላይ ስትተኚ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። የማዝነው በሌላ ነገር ነው። ስምንት ወር ደበቅኩት። በሄድኩበት ጤና ተቋም “የወላድ ነው፣ ይለቅሻል” ተባልኩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሜ ለማንም አልተናገርኩም። መቀመጫ ነዋ፣ ያሳፍራል። ስፌት መኪናው ፊት በርጩማ ላይ በአንድ ጎን ተቀምጬ ዩኒፎርም ስሰፋ እውል ነበር። መዝመሜ በኋላ ወገቤንም ይዞ አወረደው። አንድ ሕመም ደብቄ ሁለት አተረፍኩ። አንቺም ያንን መንገድ ስትጀምሪ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ደረስኩ። እጄን ይዛ በራሴ ጀርባ ላይ እያስዳሰሰች አስረዳችኝ። የወገብ አጥንቶች አምስት ናቸው። ከእነሱ በታች ሌሎች አምስት ተጣብቀው አንድ ሰፊ አጥንት ይሆናሉ። ከዚያ በታች፣ መጨረሻ ላይ፣ ጭራ አጥንት የምንላት አለች። እሷም ከሦስት እስከ አምስት ከሚሆኑ ትንንሽ አጥንቶች የተሠራች ናት፣ አብዛኛው ሰው ላይ አራት። ትንሽ ብትሆንም ብዙ ጅማትና ጡንቻ የሚታሰረው እሷ ላይ ነው። ወደ ኋላ ተንጋለሽ ስትቀመጪ ክብደትሽ እሷ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው መቀመጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተቀመጡበት መነሳት የሚያመው።

መንጠልጠል እንዴት ወገብ ያሳምማል ትዪኝ ይሆናል፤ ወገብ ያፍታታል ሲባል ነው የሰማሽው። ለብዙ ሰው ያፍታታል፣ አልክድም። ግን ከብብትሽ ስር ጀምሮ እስከ ዳሌሽ የሚወርድ ሰፊ ጡንቻ አለ። እሱ የተኮማተረ ከሆነ እጅሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ ስትንጠለጠይ ወገብሽን ወደ ፊት ጎትቶ ያጎብጠዋል። ሆድሽን ካላጠበቅሽው ያ ጉብጠት ይብሳል። ክብደት መሸከም የለመደ ወገብ ባንዴ ሲሳብ ደግሞ ጡንቻው ደንግጦ ይጨብጣል። ተንጠልጥለሽ እግርሽን ወደ ላይ የምታነሺም ከሆነ፣ ጭንን የሚያነሳው ጡንቻ የሚነሳው ከራሱ ከወገብ አጥንት ነው፣ እሱም ይጎትታል።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የጠረጠርኩት አወራረድሽን ነው። ባልዲው የሚወላገድ ነው፣ ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አይሆንም። ስለዚህ ዝም ብለሽ ትለቂና ሲሚንቶው ላይ ዱብ ትያለሽ። ተስቦ የቆየ አከርካሪ ባንዴ ክብደት ሲወድቅበት፣ ተረከዝ ያረፈበት ምት እስከ ጭራ አጥንት ይወጣል። አንድ ቀን በመቀመጫሽ ወድቀሽም ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ያቺ በረንዳ ላይ ስስ ምንጣፍ አንጥፈሽ የምትሠሪው ሲት አፕም አለ። በእያንዳንዱ መነሳት ያቺ አጥንት ከሲሚንቶው ጋር ትፋተጋለች። በዚያ ላይ ከስፖርቱ ቀጥለሽ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ታወጪልኝ ነበር። 20 ኪሎ ነው እኮ! የእኔም እጅ አለበት ማለት ነው።

ቁመቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማንም ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። በር ጉበኑ ላይ በእርሳስ ያሰመርሽውን አይቻለሁ፤ ሁለት ሴንቲ ለማግኘት ነው። የአውሮፕላን ሆስተስ መሆን እንደምትፈልጊ ከልጅነትሽ አውቃለሁ፣ እኔም እፈልግልሻለሁ። ነገር ግን የሴት ልጅ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ ይዘጋል። አንቺ 20 ነሽ። የተዘጋውን ብረት ላይ መንጠልጠል አይከፍተውም። ተንጠልጥለሽ ስትለኪ ትንሽ ጨምሮ ያየሽው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ስለተነፉ ነው። ማንም ሰው ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ከማታው አንድ ሴንቲ ያህል ይረዝማል። ሌሊት ዲስኩ ውሃ ይስባል፣ ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል ይጨመቃል። ባለሙያዋ አንድ ነገር ነግራኝ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጠፈር ላይ የሚቆዩ ሰዎች ክብደት ስለማይጫናቸው ቁመታቸው እስከ 3 በመቶ ይጨምራል። ብዙዎቹም በዚያው ወገባቸውን ያማቸዋል። ምድር ሲመለሱ ቁመቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። እነሱ ወራት ቆይተው ያልቀረላቸው ለአንቺ በሃያ ደቂቃ አይቀርም፣ ልጄ። ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ እጅ ተዘርግቶ የሚደርስበትንም ይለካሉ። እንግሊዝኛሽ አለ፣ ለሰው ያለሽ ፊት አለ። በዚያ ሂጂ። በወገብሽ አትሂጂ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። መንጠልጠሉንም ሲት አፑንም ለጊዜው አቁሚ። አልጋ ላይ ግን አትዋይ፣ መተኛት ወገብን ያደርቀዋል። ሐይቁ ዳር ወጣ ብለሽ በእግርሽ ሂጂ፣ ሕመሙ በሚፈቅድልሽ ልክ። ማታ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበቶችሽን ቀስ ብለሽ ወደ ደረትሽ ሳቢ፣ በሆድሽ በረጅሙ ተንፍሺ። ከባሰብሽ ተዪው። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ወገብሽ ላይ አድርጊ፣ ቆዳሽን እንዳያቃጥል። ስትቀመጪ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በይ። አልጋ ላይ ተንጋለሽ ስልክ ማየት፣ ያ ነው ዋናው ጠላትሽ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ክፍል ውስጥም ቢሆን ኋላ ተቀምጠሽ ቆም በይ። ከላይኛው አልጋ ደግሞ መዝለል ይቅር፤ መሰላሉን ያዢ፣ ወይም ከታች የምትተኛዋን ለምነሽ ተቀያየሪ።

ሆድ ድርቀት ካለሽ አትፈሪ፣ ንገሪኝ። ማማጥ ጭራ አጥንትን ያሳምማል፣ ይህን የሚነግርሽ ሰው ጥቂት ነው። ተልባ ልኬልሻለሁ። ጎመን ብዪ፣ ውሃ ጠጪ።

ማስታገሻ ላይ ጠንቀቅ በይልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾሚ አውቃለሁ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የሚያስፈልግሽ ከሆነ ምግብ በልተሽ ውሰጂ። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፣ እሱም በልክ። ጓደኛሽ “አንድ መርፌ ተወግቼ ለቀቀኝ” ብትልሽ አትስሚያት። ወጌሻ ጋም እንዳትሄጂ። እኔ በቅቤ ታሽቼ ሦስት ቀን መራመድ አቅቶኝ ነበር። ለተሰበረ እጅ ስማቸው ያለ ሰዎች ናቸው፣ ያቺ አጥንት ግን በግምት የምትጫን አይደለችም።

የወገብ መሳብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ጭራ አጥንት ግን ወራትም ልትወስድ ትችላለች፣ ስለዚህ ቶሎ አልተወኝም ብለሽ አትደንግጪ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ካልተሻለሽ ወደ ክሊኒኩ ሂጂ፣ ፊዚዮቴራፒ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ወድቀሽ ከነበረ ግን ያን ያህል አትጠብቂ።

ይህንን ቀጥሎ ያለውን ሁለቴ አንብቢው። ሽንትሽ አልመጣም ካለ ወይም ካመለጠሽ፣ መቀመጫሽና የጭንሽ ውስጠኛ ክፍል ከደነዘዘ፣ እግሮችሽ ከዛሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል። ነገ ክላስ አለኝ የሚባል ነገር የለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከወገብ ሕመሙ ጋር ከመጣ ደግሞ ስፖርቱ ነው ብለሽ አትለፊው። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይይዝም፣ አከርካሪም ይይዛል፣ በአገራችን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ይታከማል፣ ግን ሲደረስበት ነው። ጭራ አጥንትሽ አካባቢ እብጠት ወይም መግል ካለ ያ ሌላ ነገር ነው፣ አታፍርጪው፣ አሳዪው። ሴት ሐኪም ትየኝ ማለት መብትሽ ነው። ማፈር ለእኔ ስምንት ወር አስከፍሎኛል።

መንጠልጠል ለዘላለም ይቅር አላልኩሽም። ትከሻሽ እንደተስተካከለ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሲለቅሽ እግርሽ ጫፉ መሬት ነክቶ ጀምሪ። አሥር ሰከንድ፣ ብዙ ከሆነ ሃያ። ሆድሽን አጥብቂ፣ እግሮችሽን ትንሽ ወደ ፊት አድርጊ፣ አትወዛወዢ። ስትወርጂ የሆነ ነገር ረግጠሽ ነው እንጂ ለቀሽ አይደለም።

አሁን ከደብዳቤው ጋር ስለሚመጣልሽ የመቀመጫ ትራስ ልንገርሽ። ጠንካራ ስፖንጅ ነው፣ መርካቶ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት፤ ለስላሳው ስትቀመጪበት ተጨፍልቆ ይቀራል። ከአንዱ ጎን መሃል ላይ የአራት ጣት ስፋት ያህል ቆርጬ አውጥቻለሁ፣ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። ጨርቁ ከትርፍራፊ ዩኒፎርም የተሰፋ ነው፣ ቦርሳ መስሎ እንዲታይ ማንጠልጠያ አድርጌበታለሁ፣ ክፍል ይዘሽው ስትገቢ ማንም አይጠይቅሽም። የተቆረጠው ጎን ወደ ኋላ ይሁን። ያኔ ክብደትሽ በሁለቱ መቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፍና ያቺ ትንሿ አየር ላይ ትቀራለች። እኔ እንዲህ ባለው ላይ መጀመሪያ የተቀመጥኩ ቀን አልቅሻለሁ። ዚፑን ስታጥቢው ብቻ ክፈቺው።

የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሳል፣ በሶውንና ድርቆሹንም ይዞልሻል። እሁድ ማታ በቪዲዮ እደውላለሁ፣ ተቀምጠሽ ጠብቂኝ።

የቀለም ባልዲውን ጥዬዋለሁ። በእሱ ፋንታ ያንን የድሮ በርጩማዬን፣ አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ዩኒፎርም ስሰፋበት የነበረውን፣ እግሮቹን አስጠብቄ ደረጃው ስር አስቀምጬልሻለሁ። ረግጠሽው ትወርጂበታለሽ።

እናትሽ